ቡችላ የነከሰውን የቻርጀር ገመድ ቤት ውስጥ መጠገን

አዲስ አበባ ዳር ዳር የሚኖር ሰው ውሻ አያጣም። ለገጣፎ በሉት፣ ሰንዳፋ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ግቢ ያለው ቤት ሁሉ ማታ የሚጮህለት ይፈልጋል። ጅብ የሚያልፍበት ሰፈርማ ግዴታ ነው። ችግሩ፣ ቡችላው ገና ትንሽ እያለ ብርዱ አሳዝኖን ቤት እናስገባዋለን። ከሦስትና አራት ወሩ ጀምሮ እስከ ስድስት ሰባት ወሩ ድረስ ጥርሱን ይቀይራል፣ ድዱን ይበላዋል፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ወለል ላይ የተጋደመ የቻርጀር ገመድ ደግሞ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለጥርሱ ይመቸዋል።

ላፕቶፕ ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚጠቀም ሰው ቻርጀር ሲያጣ ሁሉም ነገር ይቆምበታል። ኦርጅናሉ ውድ ነው። ርካሹ ኮፒ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት የማይሰጥበት ጊዜ አለ። መርካቶ ወይም መገናኛ ደርሶ መመለስ ደግሞ ከታክሲ ሰልፉ ጋር ግማሽ ቀን ይወስዳል። እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ከቻርጀሩ ሳጥን ወደ ላፕቶፑ የሚሄደውን ቀጭን ገመድ ቤታችሁ ጠግኑት፣ በደንብ ከተሠራ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። 220 ቮልት የሚያልፍበትን ገመድ ግን አትቀጥሉት። ወይ አሳጥሩት፣ ወይ ቀይሩት። ይሄ ልዩነት ከገባችሁ የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ ቡችላው

የተነከሰ ገመድ ስታዩ እጃችሁን ወደ ገመዱ አትስደዱ። ወደ ሶኬቱ ሂዱና ስፒናውን ንቀሉ። የተላጠው ቦታ ስፒናው አጠገብ ከሆነ፣ ወይም ወለሉ በሽንት ወይም በውኃ ከራሰ፣ ሶኬቱንም አትንኩ፤ ብሬከሩን አውርዱ። ቡችላው ገመዱን ነክሶ ከደረቀ ደግሞ በባዶ እጅ አትጎትቱት። ኃይሉን አጥፉ፣ እሱ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ገመዱን ከአፉ አርቁ።

ከዚያ አፉን ክፈቱና እዩት። ከንፈሩ፣ ምላሱና ድዱ ላይ የነጣ፣ የገረጣ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ ተቃጥሏል ማለት ነው። ቢሮጥና ቢጫወትም አትዘናጉ። ኤሌክትሪክ የያዘው ውሻ ሳንባው ውስጥ ከሰዓታት በኋላ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል፤ መጀመሪያ ደህና መስሎ ቆይቶ ማታ ላይ ማሳልና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ነክቶታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ እስከ ማግስቱ ማታም አተነፋፈሱን ተከታተሉ። ወለሉ ላይ የቀሩትን ቁርጥራጮች ሰብስባችሁ ከገመዱ ጋር አስተያዩ። የጎደለ ነገር ካለ፣ በተለይ የሽቦ ቁራጭ ከሆነ፣ ውጦታል ማለት ነውና ለሐኪሙ ንገሩት።

የቱ ይጠገናል፣ የቱ አይጠገንም

የላፕቶፕ ቻርጀር ሁለት ገመድ አለው። አንዱ ከሶኬት እስከ ሳጥኑ ያለው ወፍራሙ ነው፣ 220 ቮልት ያልፍበታል። ሁለተኛው ከሳጥኑ እስከ ላፕቶፑ ያለው ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ19 እስከ 20 ቮልት ነው የሚያልፍበት።

ወፍራሙ በአብዛኛው ከሳጥኑ ላይ ተነቃይ ነው። እሱ ከተነከሰ በጭራሽ አትጠግኑት። ባለ ሁለት ቀዳዳም ይሁን ባለ ሦስት፣ ራሱን ችሎ ይሸጣል፣ ከቻርጀሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሠፈር ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አያጣውም። አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጫፉን አስተያዩ፣ አለቀ። ቡችላው ሳጥኑን ራሱን ነክሶ ከሰነጠቀው ግን ይጣል፣ ወይ የሚያውቅ ጠጋኝ ይየው። ሳጥኑን ቤት ውስጥ አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይል የሚያቆይ ካፓሲተር አለ።

የዋይፋይ፣ የዲኮደር፣ የትንሽ ስፒከር አዳፕተር ከሆነ ቀጭኑ ገመድ 5፣ 9 ወይም 12 ቮልት ነው፣ በዚሁ መንገድ ይጠገናል። የስልክ ዩኤስቢ ገመድ ላይ አትድከሙ። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ፀጉር ያህል ናቸው፣ ታይፕ ሲ ከሆነ ደግሞ ቁጥራቸውም ይበዛል፣ ፈጣን ቻርጅ የሚያደርገው በደንብ ካልተገጣጠመ አይሠራም። አዲስ ግዙ። የዲሽ ገመድ ከተነከሰ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ምክንያቱም በዚያ ገመድ ላይ እስከ 18 ቮልት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ የተነከሰውን ቆርጣችሁ ጣሉና አዲስ ጫፍ ግጠሙለት፣ መሐሉ ያለው መዳብና ዙሪያውን ያለው መረብ እንዳይነካኩ ብቻ ተጠንቀቁ።

የምጣድ፣ የስቶቭና የውኃ ማሞቂያ ገመድ ሌላ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። እንዲህ ያለ ገመድ ላይ የተጠማዘዘ ቀጠሎ ይግላል፣ ናስትሮው ይቀልጣል፣ ቤት ያቃጥላል። ሙሉ ገመዱን በተመሳሳይ ውፍረት አስቀይሩት። ኮርኒስ ውስጥ አይጥ የበላውንም እንደዚሁ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ አይታችሁት የማታውቁት ሌላ ንክሻ እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል።

የሚያስፈልገው

ምላጭ ወይም ስለታም ቢላ፣ ፒንሳ፣ ጥሩ ናስትሮ፣ ሽሪንክ ቲዩብ (ሲሞቅ ጠቦ ሽቦውን የሚይዝ ፕላስቲክ ቱቦ) በሁለት መጠን፣ አንዱ ለውስጥ ሽቦ፣ አንዱ ለውጭ ገመድ፣ ላይተር፣ ሶልደር ማድረጊያና የሶልደር እርሳስ፣ እና ቴስተር (ቮልት መለኪያ)። ቴስተሩ ርካሹም ይበቃል፣ ግን ይኑር። ያለ ቴስተር የተጠገነ ቻርጀር ላፕቶፕ ላይ መሰካት ማዘርቦርዱን አስይዞ እንደ መወራረድ ነው። ሶልደር ከሌላችሁ ጎረቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን አይጠፋም፣ ለዚያች አንድ ነጥብ ብቻ ሊያግዛችሁ ይችላል። እሱም ካልተገኘ በብሎን የሚጠብቀው ትንሹ የሽቦ ማገናኛ፣ ሞርሴቶ፣ ለዝቅተኛው ቮልት ይሆናል።

ሽሪንክ ቲዩብ ስትገዙ ሲሞቅ ወደ ግማሽ ውፍረቱ እንደሚጠብ አስቡ። ገመዱ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 6 ሚሊ ሜትሩን ያዙ። ምናለሽ ተራ የምትሄዱ ከሆነ ከአሮጌ ቻርጀር የተቆረጠ ደህና ገመድ ከነጫፉ ማግኘትም ይቻላል። ይሄ ቡችላው ጫፉን ራሱን ላደቀቀባችሁ ሰዎች ነው።

ንክሻዎቹን ፈልጉ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። አንድ የተላጠ ቦታ ያያል፣ እሱን ይቀጥላል፣ ከሳምንት በኋላ ቻርጀሩ እንደገና ይቆማል። ቡችላ አንድ ቦታ ነክሶ አይተውም። ገመዱን በጥርሱ እያንሸራሸረ ያኝካል፣ ስለዚህ ከትልቁ ቁስል ግራና ቀኝ ትንንሽ የመርፌ ቀዳዳ የሚመስሉ የጥርስ ምልክቶች ይኖራሉ። የወተት ጥርስ ቀጭንና ስለታም ነው፣ ሽፋኑን ወግቶ ገብቶ ሲወጣ ጎማው ራሱ መልሶ ይዘጋዋል፣ በዓይን አይታይም።

ገመዱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ መስኮት አጠገብ ሆናችሁ በየጣት ስፋቱ እያጠፋችሁ እዩት። ሲታጠፍ ቀዳዳው አፉን ይከፍታል። በሌላኛው በኩልም አጥፉት። ያገኛችሁትን ሁሉ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ምልክቶቹ በአንድ ስንዝር ውስጥ ከተሰበሰቡ ያንን ስንዝር እንዳለ ቆርጣችሁ አውጡና አንድ ቀጠሎ ብቻ ሥሩ። ገመዱ ትንሽ ቢያጥር ምንም አይደል። ሦስት አራት ቦታ ከመቀጠል አንድ ቦታ በደንብ መቀጠል ይሻላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተበላ ደግሞ አትታገሉ፣ ገመዱ በሙሉ ይቀየር።

መቁረጥና መላጥ

ቻርጀሩ ከሶኬትም ከላፕቶፕም ተነቅሏል። የቻርጀሩ መብራት ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቷል። አሁን ቁረጡ።

የውጩን ሽፋን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ላጡ። ምላጩን ጫን አታድርጉት፣ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጋችሁ ገመዱን ስታጥፉት ራሱ ይሰነጠቃል። ውስጡ የምታገኙት ብዙ ጊዜ ሁለት ትይዩ ሽቦ አይደለም። ዙሪያውን የመዳብ መረብ አለ፣ እሱ ኔጌቲቭ ነው። ከመረቡ ሥር ሽፋን ያለው የመሐል ሽቦ አለ፣ እሱ ፖዘቲቭ ነው። መረቡን በእርጋታ ገላልጡና ወደ አንድ ጎን ሰብስባችሁ አጠማዝዙት፣ አንድም ክር ተበትኖ እንዳይቀር። ዴልና ኤችፒ ላይ ሦስተኛ በጣም ቀጭን ሽቦ ልታገኙ ትችላላችሁ። እሷ ኃይል አትወስድም፣ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚያውቅባት ናት። ካልተቀጠለች ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪው ግን ላይሞላ ይችላል፣ ስክሪኑ ላይም ቻርጀሩን አላውቀውም የሚል መልእክት ይመጣል። ስለዚህ አትርሷት።

መዳቡን እዩት። ደህና መዳብ ያብረቀርቃል። የቡችላ ምራቅ ገብቶበት የቆየ ከሆነ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ይሆናል፤ በተለይ ክረምት ላይ፣ ቤቱ እርጥብ ሲሆን፣ ዝገቱ ሽፋኑ ሥር ለሥር ይሄዳል። የጠቆረ መዳብ ሶልደር አይዝም። የሚያብረቀርቅ እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ እየቆረጣችሁ ሂዱ።

መቀጠል

ከምንም በፊት ሽሪንክ ቲዩቦቹን ገመዱ ላይ አስገቡ። ሰፊውን በአንዱ በኩል ራቅ አድርጋችሁ፣ ቀጫጭኖቹን በየሽቦው። ሽቦው ከተበየደ በኋላ ማስገቢያ የለውም።

ቀጥሎ ዋናው ነገር ይመጣል፦ ሁለቱ ቀጠሎዎች ጎን ለጎን መዋል የለባቸውም። በአንዱ ገመድ ላይ ፖዘቲቩን አሳጥሩ፣ ኔጌቲቩን አስረዝሙ። በሌላኛው ላይ ተቃራኒውን አድርጉ። ሲገናኙ አንዱ ቀጠሎ ከሌላው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። እንዲህ ከሆነ ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ሽፋን ቢቀደድ እንኳ የሚነካው ሌላ የተላጠ ሽቦ የለም። ቀጠሎውም አንድ ቦታ ላይ አያብጥም።

ሁለቱን ሽቦ ጎን ለጎን አድርጎ ጫፋቸውን ማጠማዘዝ፣ ያ እኛ አገር ሁሉም ሰው የሚሠራው ቀጠሎ፣ ሲሳብ ይላላል። ይልቅ የሁለቱንም ጫፍ ክሮች እንደ መጥረጊያ ጫፍ በትኑ፣ ፊት ለፊት አግጥማችሁ አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አጠማዝዙ። ቀጥ ያለ፣ የማያብጥ፣ ስትስቡት የሚጠብቅ ቀጠሎ ይሆናል። ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከተንሸራተተ ፍቱና እንደገና ሥሩት።

ሶልደሩን ከሽቦው ሥር አስጠጉ፣ ሽቦው ራሱ ሲሞቅ እርሳሱን ከላይ ንኩት። እርሳሱ ወደ ክሮቹ ውስጥ ሰርጎ ሲገባ ታያላችሁ፣ ያኔ በቃ። ከላይ ኳስ ሆኖ ከተቀመጠ አልያዘም። ረጅም ጊዜ አታቆዩት፣ የአጠገቡ ሽፋን ይቀልጣል። መስኮት ክፈቱ፣ ሲያልቅ እጃችሁን ታጠቡ፤ ልጆችና ቡችላው እዚያ ክፍል አይኑሩ።

ሶልደር ማድረጉ ለምን ያስፈልጋል የምትሉ አላችሁ፣ ቮልቱ ትንሽ አይደል ወይ? ቮልቱ ትንሽ ነው፣ አምፔሩ ግን ትልቅ ነው። 65 ዋት ቻርጀር በ19.5 ቮልት 3.3 አምፔር ይሰጣል። በ220 ቮልቱ በኩል ያው ኃይል 0.3 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። የላላ ቀጠሎ የሚግለው በአምፔር ነው። ለዚህ ነው ቀጭኑ ገመድ ላይ በናስትሮ ብቻ የታሰረ ነገር ቀስ በቀስ የሚጠቁረውና የሚሸተው።

አሁን ቀጫጭኖቹን ቲዩቦች ቀጠሎዎቹ ላይ አምጡና ላይተሩን ከሥር ራቅ አድርጋችሁ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ። እሳቱ አይንካው፣ ሙቀቱ ይበቃዋል። ጠቦ ሽቦውን ሲይዝ አቁሙ። መጨረሻ ላይ ሰፊውን አምጡ። ናስትሮ ብቻ ካላችሁ ስትጠመጥሙ ሳብ እያደረጋችሁ፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ እንዲሸፍን አድርጉ። የመጨረሻውን ዙር ግን ሳትስቡ አሳርፉት፣ ካልሆነ ጫፉ ቶሎ ይነሳል። ናስትሮ ሙቀት አይወድም። ሙጫው ለስልሶ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ቀጠሎው ከሳጥኑ አጠገብ ከሆነ ሽሪንክ ፈልጉ።

ከመሰካታችሁ በፊት

ቴስተሩን በሚጮኸው ምልክት ላይ አድርጉ። ቻርጀሩ አልተሰካም። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የቻርጀሩ አፍ (ላፕቶፑ ላይ የሚሰካው) ውስጥ፣ ሌላውን የአፉ የውጭ ብረት ላይ ንኩ። ለአፍታ ጢጥ ብሎ ቢያቆም ችግር የለም። ሳያቋርጥ ከጮኸ ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፣ ፍቱት።

ካልጮኸ ቴስተሩን ወደ ዲሲ ቮልት፣ 20 ወይም ከዚያ በላይ ወደሚለካው ቀይሩ። ቻርጀሩ በትክክል 20 ቮልት ከሆነ ከፍ ያለውን ምረጡ። ከዚያ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ሰኩ፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ገና ነው። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ አፉ ውስጥ፣ ጥቁሩን ውጭ አድርጉ። መሐሏ ላይ ቀጭን መርፌ ያላት የዴልና የኤችፒ አፍ ከሆነች ቀዩን መርፌዋ ላይ ሳይሆን የውስጡ ግድግዳ ላይ አድርጉ። የሚመጣው ቁጥር ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጋር መቀራረብ አለበት። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተገላብጠዋል። እንደዚያ ከሰካችሁት ላፕቶፑን ሊያቃጥለው ይችላል። ሌላ ዓይነት አዳፕተር ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለውን የክብ ምልክት እዩ፤ መደመሩ ከመሐሉ ነጥብ ጋር ከተያያዘ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው።

ቁጥሩ ልክ ከሆነ ገመዱን ቀጠሎው ላይ እያወዛወዛችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከዘለለ የላላ ነገር አለ። ካልዘለለ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፣ ግማሽ ሰዓት እየሠራችሁበት ቆዩ፣ ከዚያ ቀጠሎውን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከቀረው ገመድ እኩል መሆን አለበት። ከሞቀ ብየዳው አልያዘም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኝታችሁ ወይም ቤት ዘግታችሁ ስትወጡ ተሰክቶ አይደር።

የቴሌቪዥን ወይም የማከፋፈያ ገመድ ከሆነ

እዚህ ላይ መቀጠል የለም። ንክሻው ከስፒናው ቅርብ ከሆነ እስከ ንክሻው ድረስ ያለውን ቆርጣችሁ ጣሉና አዲስ ስፒና ግጠሙ። ገመዱ ያጥራል፣ ግን አዲስ ያህል ጤነኛ ነው። ንክሻው መሐል ላይ ወይም ከዕቃው ቅርብ ከሆነ ሙሉ ገመዱ ይቀየር።

ቡናማው ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው) ነው፣ ሰማያዊው ኒውትራል (መመለሻው)፣ ቢጫና አረንጓዴው ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው)። የእኛ ስፒና ገልብጦም ስለሚሰካ ቡናማውና ሰማያዊው በየትኛው እግር ቢገቡ ልዩነት የለውም፤ ኧርዙ ግን ከጎን ካለው ብረት ጋር በተያያዘው ብሎን ላይ ብቻ ነው የሚገባው። የኧርዙን ሽቦ ከሁለቱ ትንሽ አስረዝሙት። ገመዱ በድንገት ቢጎተት መጨረሻ ላይ የሚነቀለው እሱ መሆን አለበት። ክሮቹን አጠማዝዛችሁ ብሎኑን በካቻቢቴ አጥብቁ። ስፒናው ውስጥ ገመዱን የሚነክሰው ማጠባበቂያ የውጩን ወፍራም ሽፋን መያዝ አለበት። ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ከያዘ እያደር ይበጥሳቸዋል። ባለ ሦስት ሽቦ ዕቃ ላይ ባለ ሁለት እግር ስፒና ገጥሞ ኧርዙን ቆርጦ መተው ብዙ ቤት አለ፣ እባካችሁ አታድርጉት፤ የዕቃው ብረት ኃይል ሲይዝ ብሬከሩ እንዲወርድ የሚያደርገው እሱ ነው።

እንዳይደገም

ገመድ ላይ ሚጥሚጣ የሚቀቡ አሉ። የቡችላውን ዓይን ያቃጥላል፣ ርጥብ ነገርን ኤሌክትሪክ ገመድ ላይ መለቅለቅም ጥሩ አይደለም። እሬትም አትቀቡ፣ መራራ ቢሆንም ለውሻ ሆድ መርዝ ነው። የሚሠራው ገመዱን ከዓይኑ ማራቅ ነው። የግድ በወለል የሚያልፍ ከሆነ የመብራት ሽቦ የሚያልፍበትን የተሸበሸበ ፕላስቲክ ቱቦ ግዙ፣ በቁመቱ በምላጭ ሰንጥቁት፣ ገመዱን ውስጡ ክተቱና በየቦታው በናስትሮ እሰሩት። ከሶፋ ወይም ከቁም ሳጥን ኋላ አሳልፉት። ከቤት ስትወጡ ቻርጀሩን ንቀሉና ጠረጴዛ ላይ አውጡት።

ለቡችላው ደግሞ የሚያኝከው የራሱ ነገር ስጡት። አሮጌ ጂንስ በረጅሙ ቀዳችሁ ጎንጉኑት፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥሩ፣ በውኃ ነክራችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙትና ስጡት። ቅዝቃዜው ድዱን ያስታግስለታል። ክሩ መበጣጠስ ሲጀምር ሳይውጠው ቀይሩለት። የተቀቀለ አጥንት አትስጡት፣ ሲሰበር እየሾለ አንጀት ይወጋል።